ሥዕል፦ መርሳ፤ ቃል፦ ወልድያ

ናፍቆት ለሩቅ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዓረብ አገር ለሄደ፣ አፈር ለገባ፣ ቢያንስ ቢያንስ አባይን ለተሻገረ። እኔ የምናፍቀው ሰው ግን ያለው መርሳ ነው፤ ከወልድያ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ስደውልለት ያነሳል። ስሄድ ምሳ ሳልበላ አይለቀኝም። ሆኖም ሐሙስ ከሥራ መውጫ ላይ እጄ ሳላዘው ስልኬን ይፈልጋል፤ ከእሱ የሚላክ ነገር እንደሌለ ትዝ ሲለኝ መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ። ለዚህ ዓይነቱ ናፍቆት ደግሞ የሚያዝንልህ የለም። «እዚያው አይደል እንዴ ያለው? ሂድና እየው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

እሱ የታፔላ ሠዓሊ ነው። መርሳ ገብቶ ፀጉር ቤት ወይም መድኃኒት ቤት የፈለገ ሰው የእሱን ፊደል ሳያነብ አይወጣም። እኔ ወልድያ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። የተዋወቅነው የመሥሪያ ቤታችንን ታፔላ ሊጽፍ መጥቶ ነው። ሁለት ቀን መሰላል ላይ ዋለ። ሲወርድ ለካ ታፔላው ጥግ ላይ፣ አውራ ጣት በምታህል ቦታ፣ የዘበኛችንን ፊት ሥሎታል፤ እንደተኛ። ዘበኛችንን የሚያውቅ ሁሉ ሳቀ፤ ኃላፊያችን ግን በአስቸኳይ ይጥፋ አሉ። እኔ ከመጥፋቱ በፊት በስልኬ አንስቼው ነበር። ፎቶውን ሳሳየው «ምን እያለመ ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጡረታ መውጣቱን» አልኩት። ሥራችን የተጀመረው ከዚች ንግግር ነው።

«ጠጋ ጠጋ» አልነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ አርብ አርብ የሚወጣ ኮሚክ ነው፤ አንድ ገጽ፣ ስድስት ሥዕል። ታሪኩ በሙሉ የሚሆነው ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ለአራት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አምስት ሰው ተቀምጧል፦ ሁሉን የሚያርሙ ጡረተኛ መምህር፣ ዶሮ የታቀፈች ሴትዮ፣ ጆሮው ውስጥ የሰካውን የማያወጣ ተማሪ፣ ምንም የማይናገሩ ሼህ፣ ለሠርጉ የዘገየ ሙሽራ። በሩ ላይ ደግሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማያውቅ ረዳት አለ። ሙሽራው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መርሳ ደርሶ ሊያገባ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መሀል መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን አላለፈም። በዚህ ነገር እኔና እሱ እንጨቃጨቅ ነበር። «ይድረስ በቃ፣ ልጅቷ ታሳዝናለች» ይላል እሱ። «ከደረሰማ አለቀ» እላለሁ እኔ። አንባቢውም ለሁለት ተከፍሎ ነበር። «ልጅቷን ለሌላ ዳሯትና እንገላገል» ብሎ የጻፈልን ሰው ትዝ ይለኛል።

አሠራራችን ለሌላ ሰው እብደት ነው። እሱ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ይሥላል፤ ንግግር የሚገባበትን ክብ፣ እኛ «እንቁላል» የምንለውን፣ ባዶውን ይተወዋል። ምን ለማለት እንደፈለገ አይነግረኝም፤ እኔም አልጠይቅም። ሐሙስ አመሻሹ ላይ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። አርብ እሱ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ እኔ እንቁላሎቹን ሞልቼ ለቅቄዋለሁ፤ ሥዕሎቹ ምን እንዳወሩ የሚያየው ከሕዝብ እኩል ነው። አንድ ጊዜ መምህሩ አፋቸውን በለጠጡበት ሥዕል ላይ ሽምብራ የምታህል እንቁላል አስቀምጦ ላከልኝ። ተናድጄ ደወልኩ።

«እዚህ ውስጥ እኮ ‹እ› ብቻ ነው የሚገባው!»

«እሱኑ ጻፋ!» ብሎ ዘጋብኝ።

ጻፍኩት። በዚያ ወር ከወጡት ሁሉ የተወደደው እሱ ሆነ። ቃል የኔ ነው ብሎ ለሚኮራ ሰው ይህ ቀላል ውርደት አይደለም። ሌላም ውርደት ነበር። እናቱ ማንበብ አይችሉም፤ ሲሥል አጠገቡ ይቀመጡና እንቁላሎቹን በራሳቸው ቃል ይሞሏቸዋል። «ያንተም ጥሩ ነው፤ እናቴ ያለችው ግን ይበልጥ ነበር» ይለኛል አርብ ሲደውል። ምን እንዳሉ ሲነግረኝ፣ እውነትም ይበልጥ ነበር።

በወር አንድ ቀን እሱ ቀለም ሊገዛ ወልድያ ይመጣል። የዚያን ቀን አብሬው እስከ መርሳ እሄድና ብቻዬን እመለሳለሁ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሰው ሲያወራ ለመስማት ነው። እኔ እሰማለሁ፣ እሱ ያያል። ወረቀት ማውጣት ሰውን ያስደነግጣል ብሎ መዳፉ ላይ ነበር የሚሥለው፤ መርሳ ሲደርስ እጁ በአፍንጫና በቅንድብ ተሞልቶ ይወርዳል። ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሲያልፍ ዘወትር እኔን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ይኸው፣ ሰው ያልፋል እኮ!» ይለኝ ነበር።

ሥራው አልከበደንም፤ የገደለን ማስተዋወቁ ነው። በመጀመሪያው ወር ተከታዮቻችን እኔ፣ እሱ፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ፣ እና ተሳስቶ የገባ የሚመስለን አንድ ሰው ነበርን። ከዚያ እሱ ዘዴ አመጣ። ባጃጅ ነጂ ሁሉ ከኋላው ጥቅስ ማጻፍ ይወዳል፤ ጥቅሱን በነፃ ይጽፍላቸውና ከሥሩ የእኛን ስም ያስገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ «ሁሉም ያልፋል» ከሚለው በታች «ጠጋ ጠጋ በቴሌግራም» የሚል ባጃጅ በሁለቱም ከተማ በዛ። እኔ በበኩሌ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባሉ ካፌዎች ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ አስተናጋጆቹ ሲልጡት እንደገና ለጠፍኩ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሊንክ የላክሁበት ቀንም አለ፤ ይቅር ይበለኝ። ሰዉ ቀስ በቀስ መጣ።

ስማችንን አላወጣንም። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ጡረተኛው መምህር ደግሞ ኃላፊያችንን ትንሽ ሳይመስሉ አይቀሩም። እሱም ደንበኞቼ ይሥለናል ብለው ይሸሹኛል አለ። ስለዚህ በየገጹ ግርጌ «ሥዕል፦ መርሳ፤ ቃል፦ ወልድያ» ብቻ እንጽፍ ነበር። ይህም ራሱ ጨዋታ ሆነ፤ መርሳዎች ሥዕሉ ባይኖር ቃሉ ምን ይረባል ይላሉ፣ ወልድያዎች ደግሞ ያለ ቃሉ ሥዕሉ ዲዳ ነው ይላሉ። ደስታ ሲያልፍ ነው የሚታወቀው ይባላል። እኔ ግን በጊዜውም አውቀው ነበር።

ጦርነቱ ሰሜን ላይ ሲጀመር ሩቅ መስሎን ነበር። ክረምት ሲገባ ከቆቦ በኩል ሰው በእግሩ ይጎርፍ ጀመር። እሱም የኋላ ወንበሩ ላይ አምስት የነበሩትን ሰባት፣ ቀጥሎም ዘጠኝ አደረጋቸው። አንድ ሳምንት ሙሽራው ሕፃን ታቅፎ ታየ፤ የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ታፔላ የሚያሠራ ሰው ስለጠፋ ሥራ ፈትቶ የሚቀጥሉትን ሳምንታት አስቀድሞ ይሥል ነበር።

ነሐሴ ላይ ከወልድያ ሸሽተን የወጣን ቀን እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ አይሱዙ ላይ ተጭኜ ነበር። ስልክ ገና አልተቋረጠምና ደወልኩለት። ሹፌሩ ለራዲያተር ውኃ መርሳ ላይ ሲቆም መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት።

«ና ውጣ፣ አብረን እንሂድ» አልኩት።

«እናቴ መራመድ አትችልም። ጥያት ልውጣ?»

«እሳቸውንም ተሸክመን እናወጣቸዋለን።»

ቀና ብሎ መኪናውን አየ። ሰው በሰው ላይ ነበር። «ጠጋ ጠጋ ብትሉም አይሆንም» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ብብቱ ሥር የያዘውን የፕላስቲክ ክላሰር ወደ ላይ አቀበለኝ። «አሥራ አንድ ገጽ አለ። እዚህ ከሚቃጠል ካንተ ጋር ይሁን። አብሽር፣ አላህ ካለ በሳምንቱ እንገናኛለን።» መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁን አላውለበለበም፤ ዞሮ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ደሴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አርብ ሆነ። ወልድያም መርሳም ስልክ የለም፤ ደሴ ግን ኔትዎርክ ነበር። በተጠለልኩበት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አነሳሁ፣ እንቁላሎቹን ሞላሁ፣ ለቀቅሁት። እጄ እንደለመደው ግርጌው ላይ «ሥዕል፦ መርሳ፤ ቃል፦ ወልድያ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን እጽፋለሁ? ስለ ሠዓሊው አንድ ቃል አልጨመርኩም። ለጠየቀኝ ሰው «በዚህ ጭንቅ ሕዝቡ ትንሽ ይሳቅ ብዬ ነው» እል ነበር። ውሸት ነው። እንቁላል ስሞላ ከእሱ ጋር የማወራ ስለሚመስለኝ ነው። ናፍቆኝ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አንዱን ገጽ ለራሱ በቴሌግራም እልክለትና ማየቱን የሚያሳየውን ሁለተኛ ምልክት እጠብቃለሁ። አይመጣም። አርብ ለሕዝብ እለቀዋለሁ።

ሰዉ እንደዚያን ጊዜ ወዶት አያውቅም። «በዚህ ጊዜ እንኳ የማትቀሩ ጀግኖች» ይሉናል። «ሠዓሊው እጅህ ይባረክ» ይላሉ። እኔም እያንዳንዱ ላይ የልብ ምልክት አደርጋለሁ፤ በእሱ ስም አሜን እንደማለት ነበር የምቆጥረው።

በስድስተኛው ሳምንት ከእህቱ የድምፅ መልእክት መጣ። «ወንድሜ፣ መርሳ ኔትዎርክ ገባ አይደል? አልሐምዱሊላህ። ሥዕሉን በየሳምንቱ እያየሁት ነው። እናቴስ ደህና ናት? እሱ ግን ለምንድን ነው ስልኬን የማያነሳልኝ? ተቀይሞኝ ነው? ያጠፋሁት ነገር ካለ አውፍ ይበለኝ በልልኝ።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ግርጌው ላይ መርሳ የሚለውን አይታ ሥዕሉ ከመርሳ የሚላክ መስሏታል። ወንድሟ ለሕዝብ እየላከ ለእሷ ብቻ የዘጋባት መስሏት፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ በምን እንዳስቀየመችው ስታስብ ከርማለች። መልስ ለመስጠት ሁለት ቀን ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን ደውዬ እውነቱን ነገርኳት፦ ሥዕሎቹ ቀድሞ የተሣሉ ናቸው፤ ከነሐሴ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም፤ ይኑር ይሙት አላውቅም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሳምንት የሳቅሁት ከማን ጋር ነው?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ቢያንስ «ሠዓሊያችን የት እንዳለ አናውቅም» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ብጽፈው እውነት የሚሆንብኝ መሰለኝ። አምስት ገጽ ቀርቶኝ ነበር፤ በኔ ሒሳብ አምስት ሳምንት በሕይወት አለ ማለት ነው። ቀጠልኩ። እህቱ ቻናሉን ለቅቃ ወጣች።

አሥራ አንደኛው ገጽ ባለቀ ሰሞን ደሴንም ለቅቀን ወጣን፤ እኔ ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ገባሁ። አንባቢዎች «ጠጋ ጠጋ የት ጠፋ?» ማለት ጀመሩ። ዕድሜ ልኩን የመሥሪያ ቤቱን የሰሌዳ ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ እጄ እንዲህ ብሎ መለሰላቸው፦ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለጊዜው የተቋረጠ መሆኑን እንገልጻለን።»

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት በመርሳ በኩል ተመለስኩ። ቤታቸው ተዘግቷል። ጎረቤት «እናቱን በቃሬዛ ይዘው ወደ ግራና በኩል ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም» አሉኝ። ግራና የምትባለው ከተማ ከመርሳ ሩቅ አይደለችም። መሥሪያ ቤቱ ግን ቶሎ ሪፖርት አድርጉ ብሎን ነበርና ወደ ወልድያ አለፍኩ። ይህንን ውሳኔዬን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። መዝገብ ቤታችን ፋይሉ ሁሉ ተበትኖ ወለሉ አይታይም ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስንለቅም ሰነበትን። ከዚያ አንድ ቀን መናኸሪያ ያገኘሁት የመርሳ ሹፌር «ታፔላ ጸሐፊው? አለ እንጂ! ትናንት መሰላል ላይ አየሁት» አለኝ። ሂሳቡን እንኳ ሳልጠይቅ መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። በጥይት የተበሳሳውን ታፔላ ቀዳዳውን በስቱኮ እየደፈነ ነበር። ሲያየኝ ከመሰላሉ ዘሎ ወረደ። ተቃቅፈን ቆምን፤ ስቱኮው ጃኬቴ ላይ ደረቀ። እናቱ ከስተዋል እንጂ ደህና ነበሩ። «አልሐምዱሊላህ፣ ለዓይነ ሥጋ አበቃን ልጄ» ብለው ጉንጬን ዳበሱኝ። እንዴት ነህ፣ እንዴት ከረምክ፣ ደህና ናችሁ ተባባልን፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተባባልን። ምሳ ቀረበና በላን። እጄን እንደታጠብኩ ከደረት ኪሴ ወረቀት አወጣሁ።

«አዲስ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ሙሽራው ሲሪንቃን ያልፋል» አልኩት። ደብረ ብርሃን ሆኜ የጻፍኩት ነው። እሱ ደስ ይለዋል ብዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሌን ከሥዕሉ በፊት ይዤ መምጣቴ ነበር። ተቀበለኝና ሳያነበው ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ኔትዎርክ ሲገባ መጀመሪያ ያየሁት ቻናላችንን ነው» አለኝ። «አሥራ አንዱንም አየሁ። ቃሉ ጥሩ ነው። ወላሂ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ?»

«እኔ የቴክኒክ ችግር ነኝ?»

እንደ ልማዱ የሚያሾፍ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። አላሾፈም።

«ምን ልበል ነበር? መሞትህን አላውቅ፣ መኖርህን አላውቅ...»

«ይህንኑ ነዋ የምትለው! አላውቅም ትላለህ። ያ ሁሉ ሰው ሥዕሌን ሲያይ ከርሞ፣ አንድ ሰው እንኳ ‹ይህ ሰው የት ገባ?› አላለም። እንዴት ይበል? አንተ በየሳምንቱ አለ ትላቸዋለህ። እዚያ ማሽላ ቆልቼ ለእናቴ ሳበላ፣ እዚህ ቻናሉ ላይ ሰው ሳስቅ ነበርኩ ማለት ነው።»

«ናፍቀኸኝ ነው» አልኩት። ሌላ ሰበብ አልነበረኝም።

«አውቃለሁ። እኔም ናፍቀኸኛል።» ወረቀቱን መለሰልኝ። «ግን መጣህ፣ ምሳ በላህ፣ ወረቀት አወጣህ። አንተ ራስህ እስካሁን አልጠየቅኸኝም።»

ቅድም ሰላም የተባባልነውን ሁሉ በልቤ ደገምኩት። ከዚያ ውስጥ አንዱም ጥያቄ አልነበረም። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና «የት ነበርክ?» አልኩት።

እስከ ማታ ነገረኝ። ግራና አጠገብ ዘመድ ቤት ነበሩ። የሰው ማሽላ እያጨደ ነው እናቱን ያበላው። ብሩሾቹንና የተረፈውን ቀለም ይዞ ወጥቶ ስለነበር፣ ሠዓሊ መሆኑን የሰሙ ሰዎች ይመጡበት ጀመር። በችኮላ በየሜዳው የተቀበረ ሰው ነበርና፣ ቤተ ዘመድ ሲመለስ መቃብሩን እንዳያጣው በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ስም ጻፍልን አሉት። ጻፈ፤ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም። ስሙን የሚያውቅ ሲጠፋ ያዩትን ጻፍ ይሉታል። «ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ» ብሎ የጻፈው አለ። ቀለሙ እንዳያልቅ ፊደሉን እያሳነሰ፣ እያሳነሰ ሄደ።

«አሁን ፊት ልሥል እልና እስክሪብቶ ስይዝ እጄ ስም ይጽፋል» አለኝ። «ታፔላ እችላለሁ። ታፔላ ስም ነው።»

እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ከመነሳቴ በፊት አጠገቡ ተቀምጬ ቻናሉ ላይ ጻፍኩ፦ «ከነሐሴ ጀምሮ ያያችኋቸው ሥዕሎች ቀድሞ የተሣሉ ነበሩ። ያን ጊዜ ሠዓሊው የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ልነግራችሁ ሲገባ ደበቅኋችሁ።» አነበብኩለት። ይሁን አለኝ።

ወልድያ ገብቼ ስልኬን ሳየው መልእክቱ ተቆልሏል። የሰደቡኝ አሉ፤ ደግ አደረጉ። የሚበዙት ግን የሚጠይቁት ስለ እሱ ነው። አለ ወይ? እጁ ደህና ነው ወይ? እናት አለችው ወይ? የት ነበረ? አንዲት ሴት ከቆቦ «እኔ ተፈናቅዬ ስስቅበት የነበረ ሰው እሱም ተፈናቅሎ ኖሯል?» ብላ ጽፋለች። ደወልኩለትና አንድ በአንድ አነበብኩለት።

«አለሁ በላቸው።»

«እሺ።»

«ይመለሳል ግን እንዳትል።»

«አለ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቻናል ላይ ምንም አልጻፍኩም።